የሥራ ልምድ ይመሰከራል እንጂ አይገዛም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሐምሌ በገባ ቁጥር በቤተ ክርስቲያናችን ዐጸድ ደስ የሚያሰኝ ነገር እናያለን። ከየዩኒቨርሲቲው የተመለሱ ልጆች ጥቁሩን የምረቃ ካባ ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርገው፣ ከወላጆቻቸውና ከንስሐ አባቶቻቸው ጋር ፎቶ ግራፍ ይነሣሉ። እናቶች እልል ይላሉ፤ መዝሙር ክፍሉም ይዘምርላቸዋል። ጥቅምት ሲደርስ ግን ከእነዚያው ልጆች ብዙዎቹን አናገኛቸውም። ከመዝሙር ጥናት ቀርተዋል፤ ከጉባኤ ቀርተዋል፤ ቅዳሴ ሲያስቀድሱም ከኋላ ቆመው ሠርሖተ ሕዝብ እንደ ሆነ ፈጥነው ይወጣሉ። እምነታቸው ስለ ቀዘቀዘ አይምሰላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቅ ይዘን በቆምንበት ሁሉ የምንጠይቃቸውን አንድ ጥያቄ ሸሽተው ነው። «ሥራ አገኘህ ወይ?» «ሥራ አገኘሽ ወይ?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነርሱ ነው፤ ገና በዩኒቨርሲቲ ላሉትም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። በሥራ ቀናት በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ በቅጥር ኮሚቴም እቀመጣለሁ። እሑድ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተምራለሁ። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ በሳምንቱ መካከል ማመልከቻውን ያየሁትን ልጅ እሑድ ከጉባኤው መካከል አየዋለሁ። ልጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ እሑድ ስለ እውነት የምናስተምረው ትምህርት ማክሰኞ በሚቀርበው ፋይል ውስጥ ምን እንደሚሆን አያለሁና።

የተመራቂው መንገድ ቀላል እንዳልሆነ አስቀድሜ ልመስክር። አራት ወይም አምስት ዓመት ይማራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተጨምሮበታል፤ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይዝም። ይህን ሁሉ አልፎ ጊዜያዊ ዲግሪውን በክላሴር አድርጎ ወደ አራት ኪሎ ይሄዳል፤ በሰሌዳ ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች አንገቱን አቅንቶ ያነባል። ረቡዕና እሑድ የሪፖርተር ጋዜጣን ያገላብጣል። ሌሊት ደግሞ በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ያድራል። ከአሥር ማስታወቂያዎች ስምንቱ «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ» የሚሉ ሆነው ሲያገኛቸው ልቡ ይወድቃል። ልምድ የሚገኘው በሥራ፣ ሥራም የሚገኘው በልምድ ከሆነ የትኛውን በር ያንኳኳ?

በዚህ ጊዜ ነው ማኅተም የያዘው ሰውዬ የሚመጣው። አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው፤ የጓደኛ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ። በአንድ ድርጅት ስም ሁለት ዓመት እንደ ሠራችሁ የሚገልጽ አርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያወጣላችኋል። «ሁሉም እንዲህ ነው የገባው» ይላችኋል። ከባዱ ነገር ደግሞ ይህን ሲል ሙሉ በሙሉ የዋሸ አለመሆኑ ነው፤ በዚህ መንገድ የገቡ ሰዎች አሉና።

አንዲት እኅታችን ባለፉት ዓመታት በአንዱ ይህንኑ ልታማክረኝ መጣች። የተመረቀችው በአካውንቲንግ ነበር። «ጋሼ፣ ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም» አለችኝ። «ግን እናቴ እንጀራ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ሥራውን እንደሆነ እችለዋለሁ። ወረቀቱ በር እንዲከፍትልኝ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜንም ሙሉውን ለቤተ ክርስቲያን ተስያለሁ።»

ይህን የመሰለ ንግግር የሰማ ሰው ወዲያው ሊፈርድ አይገባውም። እኔም የጠየቅኋት ሌላ ነገር ነው። «በሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስንት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርሽ?» «ሦስት ዓመት።» «ወደ ደብረ ሊባኖስ በሦስት አውቶቡስ የሄድነው ጉዞ ሒሳብ በማን እጅ ነበር?» «በእኔ።» «ተመርምሮ ነበር?» «ኦዲት ክፍሉ መርምሮታል፤ አንድ ብር አልጎደለም።» «ይህን በሲቪሽ ላይ ጽፈሽዋል?» ዝም አለች። ቀጥላም «እሱማ አገልግሎት ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ከራሳችን ቤት አንድ ነገር እናስታውስ። ቤተ ክርስቲያናችን ባለሙያን የምትለይበት የራሷ ሥርዓት አላት፤ ስሙም «ምስክር» ይባላል። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ድጓ አውቃለሁ ስላለ ብቻ መምህር አይሆንም። ወደ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ የሚያስመሰክረውም ወደ ደብረ ዐባይ ይሄዳል። የቅኔው ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሲቆጥር ውሎ ወደ ነገራ ይቀርባል፤ ጉባኤ ቃናው ቢጎድል መምህሩ እዚያው ያርመዋል። በዚያ ጉባኤ ፊት የተገዛ ወረቀት ምን ይጠቅማል? አፉን ሲከፍት ይታወቃል። ደቀ መዝሙሩ ካስመሰከረ በኋላ «የእገሌ ተማሪ ነኝ፣ በእገሌ ቦታ አስመስክሬአለሁ» ሲል በየደብሩ ይታመናል፤ ቃሉ ከኋላው ዓመታት የፈጀ ድካምና የሚጠየቅ መምህር አለውና።

የዓለሙም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም ራሱ ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ስለዚህ በክረምት ሦስት ወር ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የያዛችሁ፣ በትምህርት ቤት በጊዜያዊነት ያስተማራችሁ፣ በአጭር ውል መረጃ የሰበሰባችሁ ሁሉ ስትለቁ ማስረጃችሁን ጠይቃችሁ ውሰዱ። ብዙ ልጆች «ሦስት ወር ምን ልምድ ይባላል» ብለው ይተዉታል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሊገዙ ይሄዳሉ። ብዙ ቀጣሪዎች ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ እንደሚጠይቁም እወቁ። ስትቀጠሩ ግብሩ በስማችሁ እየተከፈለ መሆኑን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ተግባር ልምምድም አንድ ነገር ልበል፤ እናንተ ኢንተርንሺፕ የምትሉት ነው። በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ነገር ላይ ዘመናችሁን ታባክናላችሁ። ዘመድ ባለበት መሥሪያ ቤት ተመዝግባችሁ፣ ሳትገኙ ከርማችሁ፣ በመጨረሻው ሳምንት ታስፈርማላችሁ። ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ከመጡት መካከል ግን የማልረሳው አንድ ልጅ አለ፤ የተመደበበት ክፍል ሥራ ስላልሰጠው መዝገብ ቤት ወርዶ «ልርዳችሁ» አለ። የቆዩ ፋይሎችን በቁጥር በቁጥር ደርድሮ፣ ዝርዝራቸውን በኮምፒዩተር ጽፎ አስረከበ። ያዘዘው አልነበረም። በዓመቱ ቦታ ሲከፈት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ስልኩን ፈልጋ «ማስታወቂያው ወጥቷል፤ ተወዳደር» አለችው። እርሱም ከሌሎቹ ጋር ተፈትኖ አለፈ። ዘመድ የለውም ነበር፤ ሥራውን ያየ ምስክር ግን ነበረው።

ወደዚያች እኅት ልመለስ። አብረን ተቀምጠን የሠራችውን ጻፍን። «በበጎ ፈቃድ አገልግሎት» በሚል ርእስ ሥር፦ ለሦስት ዓመት ገንዘብ ያዥ፤ የአባላትን ወርኃዊ መዋጮ በደረሰኝ መሰብሰብና መመዝገብ፤ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ማቅረብ፤ የ150 ተጓዦችን ሒሳብ መያዝና ለኦዲት ማቅረብ። «ቅጥር» አላልነውም፤ አልነበረምና። «በጣም ታታሪና በጫና ሥር መሥራት የምችል» የሚለውንም የተለመደ ዐረፍተ ነገር ሰረዝነው፤ ያን ቃል በየፋይሉ እናነበዋለን፣ አንድም ነገር አይነግረንም። ቁጥሩና ሥራው ግን ይናገራል።

እንደዚህም ሆኖ ልጅቱ በሳምንቱ ሥራ አላገኘችም። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በብዙ ቀጣሪዎች ዘንድ ከዓመት አይቆጠርም፤ ይህን ደብቄ ተስፋ ልሰጣችሁ አልፈልግም። ሁለት ዓመት የሚሉትን ትታ «ዜሮ ዓመት» የሚሉትን ብቻ እየለየች አመለከተች፤ አምስት ወር ፈጀባት። በመጨረሻ በገንዘብ ተቀባይነት ከተማረችው ዝቅ ባለ ደመወዝ ገባች። በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ጉዞው ሒሳብ ጠየቋት፤ ከእያንዳንዱ አውቶቡስ ኃላፊ እንዴት እንደ ተረከበች፣ የቀሩ ተጓዦችን ገንዘብ እንዴት እንደ መለሰች ስትነግራቸው ከመካከላቸው አንዱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንዳዳመጣት ነግራኛለች።

የተገዛው ወረቀት ከኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚመስልም ላስረዳችሁ። በ2015 ዓ.ም. ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የተመረቀ ልጅ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በሙሉ ጊዜ ሲሠራ ነበር የሚል ደብዳቤ ያቀርባል። የሦስት ልዩ ልዩ ድርጅቶች ደብዳቤ በአንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት ይመጣል። ወረቀቱ ጥሩ ሆኖ ቢያልፍ እንኳ አንድ ቀላል ጥያቄ እንጠይቃለን፦ «ጠዋት ስትገቡ መጀመሪያ የምትሠሩት ምን ነበር?» የሠራ ሰው ይህን ሳያስብ ይመልሰዋል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ የትኛው ኮምፒዩተር እንደሚያስቸግር ሳይቀር ይነግራችኋል። ያልሠራው ዓይኑ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። የግቢ ጉባኤ ልጆችን በዚያ ወንበር ላይ በዚያ ሁኔታ አይቻለሁ፤ በአንገታቸው ያለውን ማተብ ሳይ እኔ ነኝ የማፍረው። አምልጦ የገባም ቢሆን በአዋጁ መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይጠብቀዋል። ከዚያም በኋላ ማስረጃ የሚጣራበት ቀን አለ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም በሰነዱ መገልገልንም ይቀጣል። ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ፋይሉ በተጠራ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው አውቃለሁ። እንቅልፉን ሸጦ ነው የገባው።

ይህ ሁሉ ባይኖርና ማንም ባያውቅ እንኳ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። የግያዝን ታሪክ (2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5) ታስታውሳላችሁ። ንዕማንን ተከትሎ ብርና ልብስ ሲጠይቅ ለራሴ ነው አላለም፤ ለመጡ የነቢያት ደቀ መዛሙርት ነው አለ። ሐሰቱን መንፈሳዊ ልብስ አለበሰው። እኛም «ለእናቴ ነው»፣ «ዐሥራት ላወጣበት ነው» ስንል የምናደርገው ይኸንኑ ነው። የመጀመሪያ ደመወዝን በኩራት አድርጎ መስጠት የሚያስመሰግን ልማድ ነው፤ ግን የዚያ ደመወዝ ሥር ሐሰት ከሆነ በመሠዊያው ፊት የምናቀርበው ምንድን ነው? ስእለት ከእግዚአብሔር ጋር የምንደራደርበት ውል አይደለም።

«ታዲያ መጸለይ ብቻ ነው ያለብን?» የምትሉ አላችሁ። በአንዳንድ ጉባኤ ላይ ለተመራቂዎች «ተንበርከኩ እንጂ አትጨነቁ፤ ሥራው ራሱ ይመጣል» ተብሎ ሲሰበክ እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። በየምረቃው የሚነገረውን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ተመልከቱ። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ስለ ወጣችው ትል ያልሰማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የለም። ሰባኪው ግን ብዙ ጊዜ ትሏ ላይ ያቆማል። ያሬድ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ተነሥቶ ወደ ሸሸው መምህሩ፣ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰና ትምህርቱን ቀጠለ። ከዛፉ ሥር የቀረ ያሬድ ማኅሌታይ አይሆንም ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጅ ሰው ደግሞ ከመጽሐፈ ነህምያ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ነህምያ የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ በሰማ ጊዜ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ፤ አራት ወር ገደማም ቆየ። በኒሳን ወር ንጉሡ ድንገት ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። መጽሐፉ ነህምያ በዚያች ቅጽበት ወደ ሰማይ አምላክ እንደ ጸለየ ይነግረናል፤ በጥያቄውና በመልሱ መካከል የተጸለየች አጭር ጸሎት ናት። ቀጥሎ ግን የመለሰውን መልስ አስተውሉ። የሚቆይበትን ጊዜ ወሰነ። በወንዙ ማዶ ላሉት ገዢዎች የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ። የንጉሡን ዱር የሚጠብቀውን ሰው አሳፍን በስሙ ጠርቶ፣ ለበሮቹ፣ ለቅጥሩና ለሚገባበት ቤት የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው ደብዳቤ ለመነ። የዱሩን ጠባቂ ስም ከየት አወቀ? በእነዚያ አራት ወራት እያለቀሰ ብቻ አልነበረም፤ እየጠየቀ፣ እየቆጠረ፣ እያሰላ ነበር።

እናንተም ከመቅረባችሁ በፊት ያንን መሥሪያ ቤት እወቁት፤ ምን ይሠራል፣ ለማን ይሠራል፣ የተከፈተው ቦታ ምን ይጎድለዋል? ካላችሁ አገልግሎት፣ ልምምድና ትምህርት ውስጥ በእጃችሁ የሠራችኋቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር ተለማመዱ፤ በቤት ውስጥ ለታናሽ እኅታችሁ ተናገሩት፣ እርሷ ካልገባት ለእኛም አይገባንም። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ «ይህን አላውቀውም» በሉ፤ ብታገኙት እንዴት እንደምታጣሩት ጨምሩ። አላውቅም ያለ ልጅ በእኛ ዘንድ ነጥብ አጥቶበት አያውቅም ማለት አልችልም፤ ፈጥሮ ከመለሰው ግን ሁልጊዜ ይሻለናል። እሑድን ወይም በዓላትን የሚነካ የሥራ ሰዓት ቢገጥማችሁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ ከፈረማችሁ በኋላ ማጉረምረም አይጠቅምም።

አሁን ለእናንተ ለምእመናን አንድ ልመና አለኝ። በዐጸዱ ውስጥ ተመራቂ ስታገኙ ያንን ጥያቄ ተዉላቸው። በምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሲወጣ አምጡልን፤ ለልምምድ የሚሆን ቦታ ካላችሁ ንገሩን፤ አላግባብ ስልክ ደውላችሁ አስገቡልን ግን አንላችሁም፤ ያ ለሌላው ልጅ በደል ነው። ሥራ ያላገኘ ልጅ ከአገልግሎት ሲርቅ ዝም አትበሉ፤ ሥራ ፈትቶ ከመዝሙር ክፍል የቀረ ሰው ሁለቴ ነው የተሰናበተው።

እኛም በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል አንድ ሥራ ጀምረናል። አባላት ያገለገሉበትን ክፍል፣ ዘመኑንና የሠሩትን የሚገልጽ ደብዳቤ በጽሕፈት ቤቱ በኩል እንጽፋለን፤ ከመዝገብ ጋር ሳናመሳክር ግን አንፈርምም። በዚህ ዓመት አንድ አባት መጥተው ስሙ በመዝገባችን ላይ ላልተገኘ ልጃቸው ደብዳቤ እንዲጻፍለት አጥብቀው ለመኑን። ጸሐፊዋ በትሕትና እንቢ አለች፤ አባትም ተቆጥተው ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ራሱ መጣ፤ የቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት ዝርዝር እንደሌላቸው ነግረነው ነበርና ኮምፒዩተሩን ይዞ ነው የመጣው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያዎቹ መካከል ታገኙታላችሁ፤ የመጀመሪያውን መደርደሪያ ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሯል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።